የፍራሽ ሰፊው እግር

አጎቴን ብታውቁት! ፍራሽ ሰፊ ነው። ጥጥ ሲነድፍ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ብናኙ ይቀመጥና ድንገት ሽማግሌ ይሆናል። ሰፈሩ "ጥጤ" ነው የሚለው። በሥራው ቀልድ የለም። "የሰው ግማሽ ዕድሜ ያለው በኔ እጅ ነው፤ ባለሥልጣን በይኝ እንጂ!" ይለኛል።

ይሄ ሰው አንድ ቀን ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ፍራሽ ሲሰፋ አንዲት ደንበኛ እግሩን አየች። ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ መርፌ የጠቀጠቀው የመሰለ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ!

"ኧረ ጉዴ! ትኋን!" አለችና ያዘዘችውን ፍራሽ ትታ እብስ።

በቃ፣ ወሬ እግር አወጣ። ደንበኛ የሚባል ዝር አልል አለ። ባለቤቱ፣ እትዬ፣ ብርድ ልብሱን ሁሉ ቀቀለችው። አልጋውን ፀሐይ ላይ አውጥተን መድኃኒት ረጨን፤ ትኋኑ ሳይሞት እኛ ልንሞት ነበር! ነጠብጣቡ ግን ጭራሽ ጭኑ ላይ ወጣ።

"አንተ፣ አንድ ቀን እንኳን ስታክ አላየሁህም እኮ" አለችው እትዬ።

"ምኑን ልከከው? አያሳክከኝም።"

ተያየን። ትኋን ነክሶ የማያሳክከው የትኛው ሰው ነው? ወጥረን ስንይዘው ጉዱ ወጣ። ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ ይደማል፣ ጥጥ ሲነድፍ ትንፋሽ ያጥረዋል። ደብቆን ነው! "እርጅና መስሎኝ" ይላል ደግሞ።

ጎትተን ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ ነጠብጣቡን በብርጭቆ ተጫነችው፤ ቅላቱ ንቅንቅ አላለም። "ይሄ ንክሻ አይደለም፤ ንክሻ ሲጫኑት ይደበዝዛል። ይሄ ቆዳ ስር የፈሰሰ ደም ነው" አለች። ደሙ ተመረመረ፣ ከዳሌ አጥንቱም መቅኔ በመርፌ ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ፦

"የደም ካንሰር ነው።"

እኔ አፌ የት ያርፋል! "ዶክተር፣ ካንሰር እብጠት አይደል እንዴ? ደም ደግሞ ምኑ ያብጣል?"

አልተቆጣችኝም። ደም የሚሠራው መቅኔ ውስጥ ነው አለችኝ። እዚያ ያልበሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ያለልክ እየተባዙ ቦታውን ይይዙታል። ቀዩ ሴል ሲያንስ ሰው ይደክማል። ፕላትሌት የሚባሉት፣ ደም የሚያረጉት ደቃቆቹ፣ ሲያልቁ ደግሞ ደም ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። እኛ ፍራሽ ስንረጭ ለካ ሰውየው ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው!

አጎቴ ቀስ ብሎ "ትኋን አይደለማ?" አለ።

"አይደለም።"

"እሰይ!"

"እሰይ?!" እትዬ ጮኸች። "አንተ ሰው፣ ካንሰር እኮ ነው የተባልከው!"

"ገባኝ። ሰፈር ሄጄ ትኋን የለብኝም ልበልና እመለሳለሁ" ብሎ ተነሳ።

ሐኪሟ በሩ ላይ ቆመች። "የትም አይሄዱም! ፕላትሌትዎ እንዲህ አንሶ ቢወድቁ ጭንቅላትዎ ውስጥ ሊደማ ይችላል።"

እትዬ ጫማውን ከእግሩ አወለቀችበት። "ስምህን እኔ አጠራዋለሁ። አንተ ብቻ ኑርልኝ።"

እያጉረመረመ ተኛ። የተሰቀለለት የደም ከረጢት ቢጫ ነው። ቢጫ! ፕላትሌት ማለት እሱ ነው አሉን። ይሄ ለጊዜው መድማቱን የሚያቆም እንጂ በሽታውን የሚያድን አይደለም፤ የካንሰሩ መድኃኒት ነገ ይጀመራል። እትዬ ጫማውን ታቅፋ፣ እኔ አፌን ከፍቼ፣ ቢጫው ጠብታ ሲወርድ እናያለን።