«ድምጼ» እያለች የምትጠራኝ ሩቂያ

ዛሬ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የሩቂያ ልጅ ናት። «እትዬ፣ እማዬ ጥላን ሄደች» አለችኝ። እኔ ሞኟ «የት?» ብዬ ጠየቅኋት።

ትናንት እኮ ደውላ ስታሾፍብኝ ነበር። «ድምጼ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ወይስ እሱንም ጋዜጣ ላይ ካላነበብሽ አታውቂውም?» ብላ፣ ሳቋን ሳትጨርስ ነው የዘጋችው። እንዲህ ስታሾፍ ያመሸች ሰው ትሞታለች? ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

አሁን ወንዶቹ ወደ መቃብር ይዘዋት ሄደዋል። እኛ ሴቶቹ ቤት ቀርተናል። አንድ ጥግ ይዤ ይህን እጽፋለሁ። የምታውቁኝ ብዙ እንደማልናገር ታውቃላችሁ። መጻፍ ይቀለኛል፤ ፊደል የቆጠርኩትም ማንም ሳያስተምረኝ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው።

ለምን «ድምጼ» እንደምትለኝ ስትጠይቋት ኖራችኋል። «ወረቀት ስለምታነብልኝ ነዋ!» ትላችሁ ነበር። እሱ አይደለም።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ሩቂያ ወላጆቿ ሞተውባት ከጎጃም በረንዳ ጀርባ አጎቷ ቤት ታድግ ነበር። እኔና እናቴ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሁለታችንም ገና ልጆች ነን። እሷ ቁርዓን ልታኸትም፣ ቀርታ ልትጨርስ፣ ጥቂት ነበር የቀራት። ስትቀራ ድምጿ ከአጥሩ አልፎ ይሰማል፤ ጋሪ የሚገፉት ሰዎች እንኳ በራችን ላይ ሲደርሱ ቀስ ይሉ ነበር።

አንድ መጋዘን ያለው ሰውዬ ለትዳር ጠየቃት። አጎቷ እሺ አለ። እሷን ግን «ምን ትያለሽ?» ያላት የለም።

የኒካሑ፣ የጋብቻ ውሉ ቀን ሙሽራዋ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ምስክሮች ከወዲያ ሆነው ይጠይቋታል። «ወክያለሁ» ካለች አጎቷ ያጋባታል። ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም። ይህ ዲኑ የሰጣት መብቷ ነው እንጂ የማንም ችሮታ አይደለም።

ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። «ልጄ ሩቂያ፣ አጎትሽ እንዲያጋባሽ ወክለሻል?»

ታለቅሳለች። ደግመው ጠየቋት። ለቅሶ ብቻ።

«ዝም ብትል እንኳ አፍራ ነው፣ እሺ ብላለች እንል ነበር» አለ አንደኛው። «ለቅሶን ግን ምን ብለን እንመስክር? ድምጿን ሳንሰማ አንሄድም።»

አጠገቧ ነበርኩ። የአጎቷ ሚስት ክንዴን ቆነጠጠችኝና በጆሮዬ «ነገ ከነእናትሽ ሜዳ ላይ ማደር ካልፈለግሽ አንቺ በይላት!» አለችኝ።

«ወክያለሁ» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ «ባረከላህ» ብለው ሄዱ። ሩቂያ ለቅሶዋን አቆመችና አየችኝ። ምነው ለቅሶዋን ባላቆመች።

ብዙ ሳትቆይ ከባሏ ቤት ሸሽታ መጣች። ሽማግሌ ተቀመጠ። «ያ ድምጽ የእኔ አልነበረም» አለች በሁሉም ፊት።

«እና የማን ነው? የጂን?» አለች የአጎቷ ሚስት። ሰዎቹ ሳቁ።

እኔ ሻይ እያዞርኩ ነበር። ሩቂያ ስሜን አልጠራችም። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። እኔም ዝም ብዬ ሻዩን አዞርኩ።

መልሰው ወሰዷት። ቁርዓኑንም ሳታኸትም ቀረች። ስለ ባሏ ሲጠይቋት «ክፉ እንኳ አልነበረም፤ በሩ ነው ከውጭ የሚቆለፈው» ትል ነበር።

እሱ ሲሞት፣ ንጉሡ ሳይወርዱ ነው፣ አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። «ድምጼ፣ አለሽ?» አለችኝ። እንዲህ ስትለኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነው። ስድብ ይሁን ፍቅር ሳላውቅ አስገባኋት። ከዚያ በኋላ አልተለያየንም።

በሰፈሩ ኒካሕ ካለ፣ ተጠራች አልተጠራች፣ ሩቂያ መጋረጃው ጋ አለች። የሙሽራዋን እናትም አክስትም ታስወጣለች። «ከራሷ አፍ!» ትላለች። ሽማግሌዎቹ ሲያዩዋት «በሉ ተቀመጡ፣ ሩቂያ ካለች ምሳ ይዘገያል» ይባባሉ ነበር።

ሸማ ተራ አጠገብ አንዲት ልጅ «አልወክልም» አለች። ሩቂያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ወንዶቹ ሳህን ይዘዋል። «ምሳችሁን ብሉ፤ ሰርግ ግን የለም» አለቻቸው። የልጅቷ አባት ዱላ አንስቶ ነበር። አልተነቃነቀችም። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ይዛ «አየሽ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» አለችኝ። ስለ እሷ ኒካሕ ቀን ያወራነው ይህንኑ ብቻ ነው።

ባሌ ሲሞት እሷ ናት አጠገቤ ያደረችው። ስታመም እሷ ናት የምታጎርሰኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ «ሻይ ልቅዳልሽ?» ብያት ቀርቻለሁ።

ዛሬ ስናጥባት ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብዬ «አውፍ በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» አልኳት። አብራን የምታጥበው ሴት ሰማችኝ። «አይዞሽ፣ ብላሻለች። ዝምታዋ እሺታዋ ነው» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

ሩቂያዬ፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኳት። ብትሰሚኝ ትስቂብኝ ነበር። ዳግመኛ በአንቺ ቦታ አልመልስም።

አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፣ ያብራልሽ። ያስቋረጡሽን ቁርዓን እዚያ ያስጨርስሽ። ሂጂ እህቴ፣ እረፊ። እኔም መምጣቴ አይቀርም። ያን ጊዜ ምሬሻለሁም በዪኝ አልምርሽም፣ ከራስሽ አፍ እሰማዋለሁ።