የተጨማደደው ስኳር ድንች

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ድንች በማሳረር ነው። ኬኮ የሚባሉ ጃፓናዊት ሴትዮ ሬይኖልድስበርግ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው የስኳር ድንች ጣፋጭ እየሠሩ ፖላሪስ በሚባል ሌላ ሰፈር ላለ አንድ ካፌ ያቀርቡ ነበር። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው እኔን ቀጠሩ። ቶሎ ይብሰል ብዬ ኦቨኑን እስከ መጨረሻው አጋልኩት። «ይሄ ድንች አይቸኮልበትም» አሉኝና ሙቀቱን ቀነሱት።

ሥራው እንዲህ ነው። ቆዳው ሐምራዊ፣ ውስጡ ነጣ ያለ ቢጫ የሆነው የጃፓን ስኳር ድንች ከነልጣጩ በዝግታ ይጠበሳል። ተልጦ በወንፊት ያልፋል። ቅቤ፣ ክሬምና ስኳር ገብቶበት በትንሽ እሳት ይማሰላል። ከዚያ በእጅ ይድቦለቦልና አስኳል ተቀብቶ እንደገና ኦቨን ይገባል። ልኩ ሁሉ ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። ከዚያ በፊት ግሮቭ ሲቲ የሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስሸከም ወገቤ ተቆርጦ ስለነበር ይህን ሥራ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው።

በሁለተኛው ወር ረመዳን ገባ። ኬኮ የሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። «የዛሬውን አርባ ፍሬ ብቻሽን ሥሪ። ከተዋጣልሽ የካፌውን ሥራ ላንቺ አስረክባለሁ» ብለውኝ ሄዱ።

ድንቹ ወደሚቀመጥበት ቤዝመንት፣ ምድር ቤቱ፣ ወርጄ ካርቶኑን ስከፍት ድንቹ ሁሉ ተጨማድዷል። እስከዚያ ቀን ድንቹን መርጠው ኦቨን የሚከቱት ኬኮ ስለነበሩ ካርቶኑን ከፍቼ አላውቅም። አፈርኩላቸው። ደሴ ያደገ ሰው የጠወለገ ነገር ለሰው አያቀርብም። ሙያ በልብ ነው ብዬ ሁሉንም ጣልኩና ያንኑ ዓይነት የሚያብረቀርቅ ትኩስ ድንች ገዝቼ ሞላሁበት። በልኩ ሠራሁ። ጾመኛ ነኝና አልቀመስኩም። ወስጄ አስረከብኩ።

ከሰዓት የካፌው ባለቤት ደወለ። «ምን ቀየራችሁ? ጣዕም የለውም እኮ!»

«ምንም» አልኩት። ቅቤው ያው፣ ኦቨኑ ያው፣ ወረቀቱ ያው። ትኩስ ድንች ማምጣት ጥፋት ነው ብዬ እንዴት ላስብ?

ጓደኛዬ ሩቅያ ጋ ደወልኩ። «በቃ ፋየር ያደርጉሻል» አለችኝ። «የድሮው መጋዘንሽ፣ ዌርሃውሱ፣ ሰው እየፈለገ ነው፤ ዛሬውኑ አፕላይ አድርጊ።»

«ሟርተኛ!» ብዬ ዘጋሁባት።

በማግስቱ ኬኮ የካፌውን ቅሬታ ስለሰሙ ዓይናቸው እያየ እንደገና ሠራሁ። ቀመሱ። ቅቤውን ጠየቁኝ፣ ሙቀቱን ጠየቁኝ። ሁሉም ልክ ነው። የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ቤዝመንት ወረዱና ካርቶኑን ከፈቱ።

«የተጨማደዱት የት ሄዱ?»

«ጣልኳቸው። የተበላሹ መስሎኝ ነው። እንዳላሳፍርዎት ብዬ አልነገርኩዎትም።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ሦስት ሳምንት አቆይቻቸው ነበር። ካልከረመ ጣፋጭነቱ አይወጣም።»

ግራ ገባኝ። እኔ የማውቀው ጥሩ ድንች ማለት ገና ከመሬት የወጣ ነው። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ደግሞ ለካፌው ባለቤት ደውለው ያሉት ነው። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለምን እንደማቆየው አልነገርኳትም» አሉት። ድንቹን የጣልኩት እኔ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው። እንባዬ መጣ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ካፌው አዲሱ ድንች እስኪከርም ጠበቀን። ያንን ዙር ብቻዬን ሠራሁ፤ ኬኮም ሥራውን አስረከቡኝ። ለምን እንዳላባረሩኝ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም፤ እስካሁንም አልገባኝም።

በሰው ጓዳ የተበላሸ የመሰላችሁን ነገር ከመጣላችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ሥራ የምታስተምሩ ደግሞ ሳትጠየቁ ንገሩ።