በጎመን መደቡ ላይ የታየ ዱካ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይል ነበር አባቴ። ከእሱ የወረስኩት ሀብት ቢኖር ይቺው አባባል ናት። ካናዳ፣ ካልጋሪ በገባሁ ጊዜ ሻንጣዬ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ሲመጣልኝ፣ ያመጣልኝን ሰውዬ በር ላይ አቁሜ ካልሲዬን ሳይቀር ቆጥሬያለሁ። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ሜይ ላይ፣ ባለቤቴ በተከለችው የጎመን ችግኝ መሃል የድመት አር ሳገኝ፣ በአካፋ አንስቼ ዝም አላልኩም። የማን ድመት ናት? ማን አስለመዳት? ስንት ጓሮ እያለ ለምን የኛ?

መደቡን የሠራሁት በእጄ ነው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው ሰፈር፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ከምነዳበት መጋዘን የሚጣል ጣውላ ለምኜ አመጣሁ፣ አፈሩን በከረጢት በከረጢት ገዝቼ ተሸከምኩ። ቢሆንም የተናደድኩት ለጣውላው አይደለም።

ባለቤቴ አራት ወሯን ይዛ ነበር። ዶክተሯ ሌላ ሌላውን ሁሉ ነግራን ልንወጣ ስንል «ድመት አላችሁ?» አለች። የለንም አልናት። «ጓሮ ትቆፍሪያለሽ?» አለቻት ደግሞ። ከዚያ የድመት አር ያለበትን አፈር በባዶ እጇ እንዳትነካ፣ በሽታ ሊኖረው እንደሚችልና ወደ ጽንሱ ሊያልፍ እንደሚችል አስረዳችን። የበሽታው ስም ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። «ወደ ጽንሱ» የምትለዋን ግን ያዝኳት።

ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ወርዶብናል። ያኔ ገና በሦስተኛ ወሯ ለቸርች ሰው ሁሉ ነገርን፤ ተጸለየልን፣ ተሳቀ፣ ስም የሚያወጣም አልጠፋም። በአራተኛው ወር ጽንሱ ወረደ። ስልኳ አላርፍ አለ። እያንዳንዱ ሰው ደግ ነገር ሊናገር ነው የሚደውለው፣ እሷ ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ መናገር ነበረባት። በመጨረሻ ስልኩን ሶፋው ትራስ ስር ከተተችው። ለዚህኛው ተማማልን፦ እስኪወለድ ለማንም ትንፍሽ አንልም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ባለቤቴ የምትሠራው አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ስለነበር፣ ከባድ እንዳታነሺ ተብላ ሥራ አቁማለች። ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። የቀራት ያቺ መደብ ብቻ ነች። ጓንት ገዝቼ ሰጠኋት፤ «ጎመን በጓንት አይተከልም» ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። «እሺ ጓሮው ይቅር» አልኳት። «ይሄንንም ከከለከልከኝ አብዳለሁ» አለች፣ እውነቷንም ነበር። ስለዚህ ያለኝ ምርጫ አንድ ነው፤ ድመቷ እዚያ አፈር ላይ እንዳትደርስ ማድረግ።

አቢዴል የሚባል ሰፈር የምንኖርበት ቤት ዱፕሌክስ ነው፣ አንዱን ግድግዳ ከጎረቤት ጋር እንጋራለን። ከግድግዳው ማዶ አንዲት ትልቅ ሴት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እኛ ጴንጤ ነን፣ እሳቸው ኦርቶዶክስ፤ እሁድ ጠዋት በር ላይ እንገናኝና ሰላም ተባብለን በየፊናችን እንሄዳለን። እትዬ ነው የምላቸው። ቅያሜ አለችኝ። ባለፈው ሐዘናችን ጊዜ ከኤድመንተን ድረስ ሰው ሲደውልልን፣ እሳቸው ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን አንድ ቀን እንኳ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አላሉም። ይቺን ቆልፌ አስቀምጬባቸዋለሁ።

አሩን ባገኘሁ በሁለተኛው ቀን፣ ጆሮዋ የተቀደደ ግራጫ ድመት እትዬ በር ላይ ከሰማያዊ ሳህን ስትበላ አየኋት። ጉዱ ተገኘ አልኩ። ጓሯችንን የሚለየው አጥር፣ ፌንሱ ጋ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ድመት ባያስለምዷት ጥሩ ነው።»

«የኔ እኮ አይደለችም፣ ልጄ። የማንም አይደለችም።»

«የማንም ካልሆነች ለምን ያበሏታል?»

«የማንም ስላልሆነች ነዋ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸው እኔን አልፎ መደቡ ጋ ወደቆመችው ባለቤቴ ሄደ። «ምነው ልጅቷ ከሥራ ቀረች? ፊቷም ወዛ ብሏል።»

«ጉንፋን ይዟት ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሌላ አልመጣልኝም።

«እግዜር ይማራት» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ከዛሬ ጀምሮ ጓሮ ስትወጪ የኔን ጃኬት ልበሺ» አልኳት። በቡዳ፣ በመተት ምናምን አላምንም፣ ጴንጤ ነኝ። ግን አለማመን ሌላ፣ ጃኬት መልበስ ሌላ።

ከዚያ ጦርነቱን ጀመርኩ። ድመት የብርቱካን ሽታ ትጠላለች የሚል ኢንተርኔት ላይ አነበብኩና አንድ ሳምንት ሙሉ ብርቱካን በላን። ልጣጩን በመደቡ ዙሪያ ደረደርኩ። ድመቷ ልጣጩን ገፋ አድርጋ እመሃሉ ላይ ተጸዳዳች። ወደ ሚጥሚጣ ዞርኩ። ፎረስት ሎን ካለው የሐበሻ ሱቅ አንድ ከረጢት ገዝቼ በልግስና ስበትን፣ የካልጋሪ ነፋስ አላውቅህም ብሎ ተነሳና ግማሹን ዓይኔ ውስጥ መለሰው። በእጄ ስዳብስ ባሰብኝ። ከማዶ መስኮት ተከፈተ።

«ምነው፣ ጥሬ ሥጋው አልቆብህ ነው ሚጥሚጣ የምትበትነው?» አሉ እትዬ። ሲስቁ ይሰማኛል። ማየት እንኳ አልቻልኩም።

ከሚጥሚጣው በኋላ አንድ እንግዳ ነገር መጣ። አሩ ጠፋ። ደስ ሊለኝ ሲገባ የባሰ ጠረጠርኩ፣ ምክንያቱም አፈሩ እዚህም እዚያም ተቆፍሮ ተመልሶ ተደልድሏል። ድመት ጫር ጫር አድርጋ ትሄዳለች እንጂ እንዲህ አታስተካክልም። ባለቤቴን «አንቺ ነሽ?» አልኳት፣ አይደለሁም አለች። በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት መደቡን ማየት ልማዴ ሆነ፤ የኔ ሺፍት ደግሞ ገና ጎህ ሲቀድ ነው የሚጀምረው፣ በጨለማ ምንም አይታየኝም። ከሥራ ስመለስ ግን አፈሩ ተነካክቷል። ከሄድኩ በኋላ የሚመጣ ሰው አለ ማለት ነው። መሄዴን የሚያይ ሰው።

ሜይ መጨረሻ ላይ፣ በረዶው በቃ ቀረ ባልንበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ስስ በረዶ ጣለ። ሥራ ስላልነበረኝ ትንሽ አረፈድኩና ወጣሁ። ዱካው በግልጽ ይታያል። የነጠላ ጫማ ዱካ ከእትዬ በር ተነስቶ፣ የቤቱ የድሮ ባለንብረቶች ፌንሱ መሃል በተዉት በር አልፎ፣ የኛ መደብ ጋ ቆሞ፣ ተመልሶ ሄዷል። የቆመበት ቦታ ላይ አፈሩ ገና ትኩስ ነው፣ ተቆፍሮ ተደልድሏል።

ሰው እርጉዝ ሴት በእጇ የምትነካው አፈር ውስጥ ምን ይቀብራል? በመተት አላምንም ብዬ ነበር። ያን ጠዋት ግን አመንኩ፣ አልዋሽም። ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው፣ ችግኝ ሳልል ሥር ሳልል ገለበጥኩት። ክር የለ፣ ወረቀት የለ፣ አጥንት የለ። ንጹሕ አፈር ብቻ ነው። ቀና ስል ከጎመኑ አራት እግር ብቻ ቆሞ ቀርቷል።

ባለቤቴ ወጥታ አየችውና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ነካው?»

«ድመቷ ናት» አልኳት።

እውነቱን ብነግራት ትደነግጣለች ብዬ ነው፣ ደግሞም አፍሬ ነው። እሷ የተነቀሉትን ችግኞች አየችና «እኔ የያዝኩት ነገር አይበረክትም» አለች። አላለቀሰችም፣ ተነስታ ገባች። ቁጣዬን ሁሉ ሰብስቤ እትዬ ላይ አደረግኩት።

ሰኞ ለሱፐርቫይዘሬ ታምሜያለሁ ብዬ ደወልኩ። ሥራ እንደሄደ ሰው መኪናዬን አስነስቼ ጥግ ዞሬ ፓርክ አደረግኩና በእግሬ ተመልሼ ወጥ ቤት ገብቼ መስኮቱ ስር ተቀመጥኩ። ሰማዩ ወገግ እንዳለ የእትዬ በር ተከፈተ። ነጠላቸውን ደርበዋል፣ በአንድ እጃቸው የግሮሰሪ ፌስታል፣ በሌላው ትንሽ መኮትኮቻ። ግራ ቀኝ አዩ። ፌንሱን አልፈው መጥተው መደቡ ላይ ጎንበስ አሉ። በሩን በርግጄ ወጣሁ።

«ምንድን ነው የሚቀብሩት?»

ደነገጡ። ግን ቀድመው ያዩት እኔን ሳይሆን የመኝታ ቤታችንን መስኮት ነው። «ቀስ በል፣ አፈር ስሆን። ትሰማለች።»

«ትስማ። ፌስታሉ ውስጥ ምን አለ?»

ከፍተው አሳዩኝ። የድመት አር ነው፣ ከነአፈሩ።

«ከየት አመጡት?»

«ከዚሁ ነዋ። ከየት አመጣዋለሁ?» አሉ ወገባቸውን ይዘው ቀና እያሉ። «እሷ ሳትነሳ ጠዋት ጠዋት እለቅማለሁ። ልጄ የልጅ ልጄን ያረገዘች ጊዜ ቤት ያሳደግናትን ድመት ለሰው የሰጠነው ለምን ይመስልሃል? ሐኪሙ አዞን ነው። ይቺኛዋን እንዳላባርራት ተመልሳ ትመጣለች። እዚያ ጥግ አሸዋ አድርጌላት፣ አጠገቡ እያበላሁ አስለመድኳት። አሁን ብዙውን እዚያው ነው የምትጸዳዳው። አንዳንዴ አመሏ ያመጣታል።»

ወደ ጓሯቸው ጥግ አየሁ። በሣጥን የተሞላ አሸዋ፣ አጠገቡ ሰማያዊው ሳህን። በየቀኑ አየው ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልንገርህ? ጉንፋን ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አሉ። «ስድስት ወልጃለሁ፣ ልጄ፣ ጉንፋን አይጠፋኝም። እናንተ የሸሸጋችሁትን እኔ በምን አፌ አወጣዋለሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ዝም ማለት ሲገባኝ ቆልፌ ያስቀመጥኳት ቅያሜ ከአፌ ወጣች። «ባለፈው ጊዜ ግን ብቅ አላሉም።»

ፌስታሉን ቋጠሩት።

«ማን ነግሮኝ ብቅ ልበል? ግድግዳው ስስ ነው፣ ስታለቅስ እሰማ ነበር። እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ አልቅሰናል። ያልነገሩኝን ሐዘን በር አንኳኩቼ እንዴት ልግባበት?»

ያን ያህል ጊዜ ማንን ስጠብቅ፣ ከማን ስሸሽ እንደነበር አሰብኩ። መሐላችንንም አሰብኩ። ከዚያ ቃሉ ራሱ ወጣ፤ ከዶክተሯ በቀር ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«እትዬ፣ ባለቤቴ እርጉዝ ናት። አምስት ወሯን ልትይዝ ነው።»

እንደማያውቅ ሰው ሰሙኝ። ፌስታሉን መሬት አስቀመጡ፣ እጃቸውን እርጥብ ሣር ላይ ጠረጉ፣ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ከለል አደረጉና በጣም ቀስ ብለው እልል አሉ። ኦክቶበር ላይ ልጃችን ስትወለድ ከግድግዳው ማዶ የሰማነው እልልታ ሰፈሩን የቀሰቀሰ ነው። የዚያን ጠዋቱን ግን እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

ከላይ መስኮቱ ተከፈተ። «ምንድን ነው? ሥራ አልሄድክም?» አለች ባለቤቴ።

እትዬ ፌስታሉን በእግራቸው ከጣውላው ጀርባ ገፋ አደረጉት። ሊሸፍኑልኝ እንደሆነ ገባኝ፤ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

«ጎመኑን የነቀለችው ድመቷ አይደለችም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

አየችኝ። ቀጥሎ እትዬን አየች።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። መስኮቱን ዘጋችና ደረጃውን ስትወርድ ሰማናት። «በባዶ እጇ እንዳትነካ፣ ጓንቱን አምጣላት» አሉኝ እትዬ፣ ከቀሩት አራት ችግኞች አንዱን እያቀኑ። ጓንቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ስመለስ ሁለቱ መደቡ ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጃኬቴ በሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነበር፣ አልለበሰችውም።