በበርበሬ መጋዘን የገዘትሁት ሰው

ሊይዙኝ የመጡት ከቅዳሴ እንደወጣሁ ነው። ፊት ፊት የሚመራቸው የንስሐ ልጄ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ንስሐውን የተቀበልሁት፣ ልጆቹን ያጠመቅሁለት የሰፈሬ ገበሬ። ቀረበኝና እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ መስቀሌን ተሳለመ። ከዚያ ቀና ብሎ ለወታደሮቹ «እኚህ ናቸው» አላቸው። ስለ ይሁዳ አላወራም፤ ስብከት ይሆንብኛል። መስቀሉን አስነክቼ «እግዚአብሔር ይባርክህ» ማለቴ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ጥፋቴ አንድ ሬሳ መቅበሬ ነው። ከቡሬ ወደኛ ገጠር በሚወስደው መንገድ ዳር የወደቀ ጎልማሳ ነበር። «ሽፍታ ነው፣ ማንም እንዳያነሣው» ተብሏል። ክርስቲያን ያለ ፍትሐት አይቀበርም ብዬ ጸሎቱን አድርሼ አስቀበርሁት። ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ያው የንስሐ ልጄ ነው። አካፋውም የእሱ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ያስገቡኝ ቤት የበርበሬ መጋዘን የነበረ ነው። በርበሬው ወጥቷል፤ ብናኙ ግን ግድግዳውም ወለሉም ላይ ቀርቷል። ገና እግሬን ሳስገባ አስነጠሰኝ። አርባ የሚሆን ሰው ባንድ አፍ «ይማርዎ አባ» አለኝ። መስቀሌንና ጥምጣሜን በር ላይ ወስደውብኝ ስለነበር ቄስነቴን ያወቁት በጢሜ ይመስለኛል። እዚያ ቤት ማልቀስ ነውር አልነበረም፤ የሁሉም ዓይን ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ውኃው በአንድ ጀሪካን፣ መጠጫውም አንድ ጣሳ ነው። ከየቤቱ የሚመጣው ስንቅ አንድ ላይ ይቀርባል፤ ስንቅ የማይመጣለትም ከዚያው ይበላል። ያለዚህ ሥርዓት ግማሹ ሰው በረኃብ ባለቀ ነበር።

በስምንተኛው ቀን በሩ ተከፈተና የንስሐ ልጄን ገፍትረው አስገቡት። እንዴት እንደተያዝሁ ለቤቱ ሁሉ አውርቼ ነበርና «የጠቆመኝ ይኸው» አልሁ። አንድ ሌላ ሰው በተራው ጠቁሞት ነበር፤ መቃብሩ የተቆፈረው በእሱ አካፋ ነው ብሎ። ከማዕዘኑ አንድ ሽማግሌ «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይሉ የለ» አሉና ቤቱ በሳቅ አውካካ። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። ጎረምሶቹ ተነሡ።

«እጃችሁን አታንሡ!» አልኋቸው።

ምሕረት መሰላቸው። «እርስዎ እኮ ቅዱስ ነዎት» ያለኝም አለ። ምሕረት አልነበረም። ዱላ ቢሆን ባንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ እኔ የማያልቅ ነገር ነበረኝ።

ቆምሁና እጄን አነሣሁ። «ከዚህ ሰው ጋር የበላ፣ በአንድ ጣሳ የጠጣ፣ ያነጋገረው፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቻለሁ!»

ግዝት ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገረውም። መንግሥትን የማይፈራ ጎረምሳ ግዝት ይፈራል፤ የገዘተው ቄስ እስኪፈታው ድረስ ሞቶ እንኳ አይለቀውም። ሰዉ ሁሉ ከሰውየው ሸሸ። በዚያ መተኛ በሌለው ቤት ለእሱ ብቻ ሰፊ ቦታ ተገኘለት፤ ከሽንት ባልዲው አጠገብ። ጣሳው ሲዞር እሱን ዘሎ ያልፋል። አስነጠሰው፤ «ይማርህ» የሚለው ጠፋ።

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በጦር መሣሪያ የሚመኩት ውጭ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ እዚህ ውስጥ በአንዲት ቃል ሰው አጥሬ አስቀምጫለሁ።

በማግስቱ እየዳኸ መጥቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ልጆቼን እንወስዳቸዋለን ቢሉኝ ነው። ይፍቱኝ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። በርበሬው ዓይኔን ፈጀኝ፤ ቢሆንም አልተመለስሁም።

ከኋላዬ ውኃ ሲቀዳ ሰማሁ። ዘወር ብል አንድ የጅጋ ነጋዴ፣ ሙስሊም ነው፣ ለሶላት በሚታጠብበት የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ሰውየውን ያጠጣዋል።

«አንተ! ገዝቻለሁ እኮ!» አልሁት።

«አባ፣ አይቆጡኝ» አለ ጠርሙሱን ሳያነሣ። «አንቱ ያሰሩት የአንቱን ሰዎች ነው። እኔን ያሰረኝ መንግሥት ብቻ ነው።»

ሰዉ ወደ መሬት አቀረቀረ። አንዳንዱ ሳቁን አፍኖ እንደሆነ ገባኝ። በዚያች ሰዓት ከጠቆመኝ ሰውዬ ይልቅ ነጋዴውን ጠላሁት። እሱ ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለብቻው ከሚመጣለት ዳቦ እየቆረሰ ይሰጠው ጀመር፤ ለአንድ ሰው የሚመጣ ዳቦ ለሁለት አይበቃምና ሁለቱም እየከሱ ሄዱ።

ባለቤቴ በሳምንቱ ስንቅ ይዛ መጣች። ወሬው በስንቅ አመላላሾች አፍ አገራችን ደርሶ ኖሯል። በሽቦው አጥር ማዶ ቆማ «የኔታ ልከውኛል» አለችኝ። የኔታ ቅኔ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ የንስሐ አባቴም እሳቸው ናቸው።

«ምን አሉ?»

«‹ታስሮ ያስራል አሉኝ። እሱን የሚፈቱት ብዙ ናቸው፤ ያንን ሰው የሚፈታው ግን እሱ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ይፍታው፤ ውኃውንም በገዛ እጁ ያጠጣው› አሉ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ በጥም ድርቅ ቢል ጮቤ እረግጥ ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ግና ሳልነግርዎ ብቀር የኔታን በምን ዓይኔ አያለሁ?»

ስንቁን ይዤ ተመለስሁና ተቀመጥሁ። አልሰማሁም ብል ማን ያውቅብኛል? ባለቤቴ አትናገርም። ነገር ግን አርባ ሰው በኔ ቃል የታሰረው ለምንድን ነው? እኔም በሌላ ሰው ቃል የምታሰር ስለሆንሁ ነው። የየኔታን ቃል ከጣልሁ የኔ ቃል ከጎረምሳ ስድብ በምን ይበልጣል? ይህን ሳስብ ተናደድሁ፤ መውጫ አጣሁለት።

ተነሥቼ ጣሳውን ከጀሪካኑ ሞላሁ። ይዤውም እሱ ወደተቀመጠበት ወደ ባልዲው ሄድሁ። መስቀል ስላልነበረኝ በባዶ እጄ ባረክሁና «እግዚአብሔር ይፍታህ። እናንተም ከግዝቱ ተፈታችሁ» አልሁ። ጣሳውን ሰጠሁት። በእጄ ደግፌ አጠጣሁት። ሦስት ጣሳ ጠጣ። በሦስቱም ትን ይበለው ብዬ ተመኘሁ።

ነጋዴው ከቦታው ሆኖ «አልሐምዱሊላህ፤ እንግዲህ ዳቦዬን ለብቻዬ ልብላ» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። የንስሐ ልጄም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ተፈትቼ አገሬ ስገባ መጀመሪያ የሄድሁት የኔታ ዘንድ ነው።

«ፈታኸው?» አሉኝ።

«ፈታሁት የኔታ። አጠጣሁትም።»

«ይቅርስ አልኸው?»

«አላልሁትም» አልሁ። የግዝቱ ሥልጣን የኔ አይደለምና መልሰው ሲሉኝ መለስሁት። ቂሙ ግን የኔው ነው፤ እሱን ማንም አልሰጠኝም፣ ማንም ሊወስድብኝ አልቻለም።

«እንግዲያ እስኪለቅህ መቅደስ አትግባ» አሉኝ። «ቂም ይዘህ ሥጋ ወደሙን አትነካም።»

ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በየጾሙ መግቢያ ይጠይቁኛል። ጓደኛዬ የሆነ ቄስ «ለቀቀኝ በላቸው እንጂ፣ ልብህን ማን ከፍቶ ያያል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አንዲት ቃል ናት። እኔም ቅዳሴው ይናፍቀኛል፤ ሌሎች ሲቀድሱ ስሰማ ደረቴ ይቃጠላል። ግን በዚያ መጋዘን ውስጥ አንድ ጊዜ ቃሌን ያለ ቦታው አውጥቻታለሁ። ሁለተኛ አላወጣትም።

ባለፈው ፍልሰታም የኔታ «ቂሙ ለቀቀህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ የኔታ» አልኋቸው። «እንዳለ አለ።»

«ጎሽ። በል ደጅ ቁም» አሉኝ።

ቆምሁ። ሕዝቡ ቆርቦ ሲወጣ የንስሐ ልጄ ከሚስቱ ጋር ነጭ ለብሶ፣ እንደ ቆራቢ ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ብቅ አለ። ሲያየኝ ቆመ። መናገር አይችልም። አንገቱን ሰብሮ እጅ ነሳኝ።

እኔም ወገቤን ይዤ እስከ መሬት ጎንበስ አልሁ። ለእሱ አይደለም። በአፉ ለያዘው ነው።