ስሟን ያወረሰችኝ የሰኮሩዋ ከድጃ

ልጅ እያለሁ ከስሜ ጋር ተኳርፌ ነበር። በዚያን ጊዜ ጅማ ውስጥ አንድ ሰው «ከድጃ!» ብሎ ቢጣራ ከአንድ ግቢ ብቻ ሦስት «አቤት» ይሰማል። ስድስተኛ ክፍል ስንገባ እኛ ክፍል ውስጥ ከድጃዎች አራት ሆንን፤ የሁለታችን ደግሞ የአባታችንም ስም አንድ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ መምህር እንዲቀላቸው ብለው በቁመት አሰለፉንና ቁጥር ሰጡን። አጭሯ እኔ ስለነበርኩ «ከድጃ አራት» ተባልኩ። ጠዋት መዝሙር ተዘምሮ፣ መፈክር ተብሎ፣ ክፍል ገብተን ስም ሲጠራ የእኔ ተራ ላይ ሁልጊዜ ሳቅ ነበር። ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅማ «አምስተኛዋስ መቼ ትመጣለች?» እያለ ያበግነኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ልጅ ክፍላችን ገባች። ገነት ትባላለች። ፀጉሯን ለሁለት ከፍላ በቀይ ሪባን ታስራለች፤ ደብተሮቿ በሙሉ በመጽሔት ወረቀት የተለበዱ ናቸው። እኔም ገነት መባል አማረኝ። ሁለተኛዋ ገነት ብሆንም ግድ አልነበረኝም፤ ከአራተኛዋ ከድጃ ይሻላል። ለሚኒስትሪ ፈተና ስማችን በቅጽ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ መምህሩ፣ «እዚህ ላይ የሚጻፈው ስም ዕድሜ ልካችሁን ይከተላችኋል። ማስተካከል የሚፈልግ እስከ ዓርብ ወላጁን አስፈርሞ ያምጣ» አሉን። ይህ ለእኔ የተላከ አዋጅ መሰለኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ቦሳ አዲስ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ የጎረቤት ቡና በተሰጣበት ሰሌን አጠገብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ መኪናውን ይረግጣል። የዚያ በፀሐይ የሚደርቅ ቀይ ቡና ጣፋጭ፣ ኮምጠጥ ያለ ሽታ አሁንም ካፍንጫዬ አልወጣም። ፊቱ ቆሜ፣

«አባ፣ ስሜን መቀየር እፈልጋለሁ» አልኩት።

እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ይቆጣል ብዬ ነበር። «ማን ልትባይ?» አለኝ።

«ገነት።»

«ጥሩ ስም ነው። እፈርምልሻለሁ። ግን መጀመሪያ ባለቤቷን ማስፈቀድ አለብን።»

«የምን ባለቤት?»

«የስሙ ባለቤት ናታ! ሰኮሩ ነው ያለችው።»

በመንገድ ላይ እንደተወለድኩ እናቴ አንዳንዴ ስትናገር እሰማ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ግን አላውቅም። አባቴ የገበያ ቀን ስፌቱን አቋርጦ አያውቅም ነበር። በዚያ ሐሙስ ግን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ከራሽናችን ቋጥሮ፣ እጄን ይዞ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ኬላው ላይ ወርደን ተፈተሽን። አቧራው ጥርሳችን ውስጥ ገባ። እኔ መንገዱን ሁሉ የስሜ ባለቤት ምን እንደምትመስል ሳስብ ሄድኩ።

ሰኮሩ ስንደርስ መንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሻይ ቤት ገባን። ረጅም፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ወጡ። አባቴን ሲያዩ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኮቱ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ፤ ነይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው አናቴን ሳሙኝ። «አልሀምዱሊላህ! ይቺ ናት? ያቺ ድምፅ የከለከለችን?»

የዚያን ቀን ነው ከአባቴ አፍ የሰማሁት። እናቴና አባቴ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲመለሱ ምጡ ያለ ቀኑ መጥቶ፣ እናቴ በእኚህ ሴት፣ በእማማ ከድጃ አልጋ ላይ ወለደችኝ። ስወለድ አላለቀስኩም፤ ጠቁሬ ነበር አሉ። እማማ ከድጃ አፋቸውን ባፌ ላይ አድርገው ተነፈሱልኝ፤ ጀርባዬን አሹ፤ ሌሎቹ ሴቶች ተስፋ ቆርጠው ሲያለቅሱ እሳቸው አልተውም አሉ። በመጨረሻ አለቀስኩ፤ ስማቸውንም ሰጡኝ።

አባቴ ይህን ሁሉ ካወራ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ልጅቱ ስሟን ቀይራ ገነት መባል ፈልጋለች። እርስዎን ሳናስፈቅድ አይሆንም ብዬ ነው የመጣነው» አላቸው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማማ ከድጃ ግን ሳቁ። «ምን አደረገሽ ስሙ?»

«በዝተናል» አልኩ።

«ማሻአላህ! መብዛታችን ነው የከፋሽ?» አጠገባቸው አስቀመጡኝና ሻይ ቀዱልኝ። «አያቴም ከድጃ ነበረች። ግን ይህን ስም ያወጣችላት የወለደቻት እናቷ አይደለችም። ካንቺ አንሳ ሳለች ከሩቅ አገር ነድተው አምጥተው ጅማ ገበያ ላይ ሸጧት። የገዛቻት በበቅሎ ቡና እየጫነች የምትነግድ ሴት ነበረች፤ ከድጃ የምትባል። ቤቷ አስገብታ ‹ስምሽ ማነው?› ብትላት ልጅቱ ዝም። በመንገድ ላይ ጌታዋ ሲለዋወጥ፣ ሁሉም ደስ ባለው ሲጠራት፣ እናቷ ያወጣችላት ስም ጠፍቷት ነበር።»

አባቴ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቶት ይሆናል፤ አቀርቅሮ ነበር።

«ነጋዴዋ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም ይላሉ። በማግስቱ ቃዲው ፊት አቁማ ነፃ አወጣቻት። ‹ከዚህ የሚበልጥ የምሰጥሽ የለኝም› ብላ የራሷን ስም ሰጠቻት። የነቢዩ ባለቤት፣ እናታችን ከድጃ፣ አላህ ይውደዳትና፣ እሷም ነጋዴ ነበረች። ቡና ነጋዴዋም ስሟን ያገኘችው ከእሷ ነው። አያቴ ስታድግ እዚህ መንገድ ዳር ቡና ተከለች፤ ማዋለድ ተማረች፤ ለመንገደኛ ውሃ አስቀመጠች። ማንንም ስሙን ሳትጠይቅ አታሳልፍም ነበር። ‹አንድ ሰው እንኳን ስሙን ካወቀለት ሰው አይጠፋም› ትል ነበር።»

ሻዬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። የእናቴን ድምፅ፣ ስትጠራኝ የምትለውን፣ እንዴት አድርጌ ልረሳው እንደምችል ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ያቺ ልጅ ግን ረስታው ነበር።

«እንግዲህ ገነት ብትባዪም አልቀየምሽም» አሉኝ እማማ ከድጃ። «የሰጡትን ስም መልሶ መጠየቅ የለም። ታሪኩን ብቻ ይዘሽልኝ ሂጂ።»

ስንመለስ አባቴን በጥያቄ አላስቀመጥኩትም። ነጋዴዋ ልጅ ነበራት ወይ? አያትየዋ አገሯን አግኝታው ይሆን? የሚያውቀውን መለሰልኝ፣ የማያውቀውን «አላህ ያውቃል» አለኝ። ዓርብ ዕለት መምህሩ «ከድጃ አራት፣ ወረቀቱን አመጣሽ?» ሲሉኝ «ከድጃ ተብሎ ይሞላልኝ፤ ከሌላዋ እንድለይ ከአባቴ ስም ቀጥሎ የአያቴንም ይጨምሩበት» አልኳቸው። በእረፍት ሰዓት ሦስቱን ከድጃዎች ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ትልቋ፣ በጉልበቷ ወንዶቹን የምታስፈራው ከድጃ አንድ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

እማማ ከድጃ ያረፉት እኔ ነርስነት እየተማርኩ ሳለሁ ነው። ወሬው የደረሰን ከተቀበሩ ከሳምንት በኋላ ነበርና ለቀብራቸው አልደረስኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አባቴ ደግሞ በእርጅናው ጊዜ ከዚያ በፊት ያልነገረኝን ነገር አወጣ። በተወለድኩበት ቀን አውቶቡሱ ጥሎን አልሄደም ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ «የሕፃኑን ድምፅ ሳልሰማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አለ። ተሳፋሪው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ወርዶ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ግማሽ ቀን አለፈ፤ የተቆጣ አልነበረም። ልቅሶዬ ሲሰማ ሴቶቹ እልል አሉ፤ አንድ ወታደር ካፖርቱን አውልቆ መጠቅለያ እንዲሆነኝ ሰጠ።

ዛሬ ከሰኮሩ አምቡላንስ ተጠርቶ ወላዷ ጅማ ትደርሳለች፤ ከሚቀበሏት ነርሶች አንዷም እኔ ነኝ። እሰየው ነው፤ አንዲትም እናት መንገድ ላይ እንድትወልድ አልመኝም። ነገር ግን በሰኮሩ ባለፍኩ ቁጥር፣ ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ሲያልፍ፣ ዐይኔ መንገዱ ዳር ያለውን ሣር ይፈልጋል። አንድ ቀን፣ ስማቸውን የማላውቃቸው አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰዎች እዚያ ተቀምጠው እኔን ጠብቀዋል።