ጅራቱን ብቻ ንገረኝ

ዓይን ሐኪሙ ጋ ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። የኮታቸው ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። ጭናቸው ላይ እርሳስ በክር የታሰረበት ደብተር አለ፤ ያዩትን ወፍ ሁሉ የሚመዘግቡበት ነው። ሲገልጡት በሰያፍ አየሁት፤ የፊተኞቹ ገጾች ጽሕፈት እንደ ጉንዳን የደቀቀ ነው፣ የኋለኞቹ ላይ ግን አንድ ቃል መስመሩን ይሞላል።

አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አሰገጉ።

«ልጄ፣ ያ የሚያንዣብበው ትልቅ አሞራ ምንድን ነው? ክንፉን እንደምንም አየሁት። ጅራቱን ብቻ ንገረኝ፤ ሹል ነው ክብ?»

ስልኬን እየነካካሁ ነበር። እንዲተዉኝ ብዬ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ሹል ነው አባባ» አልኳቸው።

«ሹል?» ፊታቸው በራ። «እንግዲያ ንስር አይደለማ! ጆፌ አሞራም አይደለም። ይሄንን በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም!»

ምላሳቸውን ነክሰው ጻፉ፤ ገጹ ሞላ።

ነርሷ ጠራቻቸው። ሲነሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «ተባረክ፣ ዓይንህን ይጠብቅልህ» አሉኝ።

ያኔ ቀና አልኩ። አሞራው ሄዷል፤ ውሸቴ ግን በትልልቅ ፊደል ተጽፎ፣ በብብታቸው ተይዞ ወደ ሐኪሙ ገባ።