ተረት በቀን አይነገርም

እናቴ በቀን ተረት አታወራም። በቀን ተረት የሚያወራ ጭራ ያበቅላል እያለች ነው ያሳደገችን። ከሽንዲ ወዲያ ባለችው መንደራችን ከብቱ ገብቶ እሳቱ ሲነድ «ተረት ተረት» ትላለች፤ «የላም በረት» ካላልናት አትጀምርም። አንዳችን ካንቀላፋን ታቆማለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ግን ትምህርት ቤት ስገባ መምህሬ «ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው?» ያለኝ በእሷ ምክንያት ነው። ማንበብ የቀለለኝም መጽሐፉ ላይ ያለውን የጅቡንና የአህያዋን ነገር አስቀድሜ ስለማውቀው ይመስለኛል።

ልጄን የወለድኩት ቡሬ ነው። እናቴን ለመጠየቅ እሁድ እሁድ እንሄዳለን፤ በልተን ተሳስቀን፣ የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠን በዘጠኝ ሰዓት እንነሳለን። ሰኞ ትምህርት አለ።

«እደሩ እንጅ» ትላለች።

«በክረምት እናድራለን» እላለሁ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ምክንያት መቼ ያልቅብኛል! አንድ ቀን ባሌ ሚኒባሱ ውስጥ «እናትሽ ከልጅቷ ጋር ወሬ የላቸውም» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። ልጄ ቀለማቱን በእንግሊዝኛ ስትጠራ ጎረቤቱ ሁሉ ያጨበጭብላታል። እኔም ልቤ ያብጥ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ እናቴ ታመመች። ስንደርስ እኩለ ቀን ነበር። ከመደቡ ቀና ብላ ልጄን አጠገቧ አስቀመጠችና «በሩን ዝጊው፤ መስኮቱንም» አለችኝ። በርዷት መስሎኝ ዘጋሁ። ቤቱ ሲጨልም ጉሮሮዋን ጠረገችና «ተረት ተረት» አለች።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። እናቴ ደገመችው።

«እማ፣ አያቴ ምን እያለች ነው?» አለችኝ ልጄ።

እፍረትም ሐዘንም አንድ ላይ መጣብኝ። በልጄ ፈንታ «የላም በረት» አልኩ።

«አንችማ ሰምተሽዋል» አለች እናቴ፤ ቁጣ አልነበረባትም። የልጄን እጅ ይዛ መልሷን ጠበቀች። «ይኸ እኮ ጥርስ ሳይበቅል የሚለመድ ነው። በይ ክፈችው በሩን፤ ልጅቱን ጨለማው አስፈራት።»